ደርሶ መልስ

እኛ ጠረጴዛ ላይ «ጠቅልዬ ልገባ ነው» ማለት «እንደምን ሰነበታችሁ» እንደ ማለት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የምንሰበሰብባት ቡና ቤት አለች። የመስኮቱ ዳር ጠረጴዛ የእኛ ነው፤ ስድስት ወንበር፣ ለሽምግልና ዳር ዳር የሚሉ ስድስት ሰዎች። አንዱ ይገባና ጃኬቱን ወንበሩ ላይ እየሰቀለ «በቃ፣ እኔስ ዘንድሮ ጠቅልዬ ልገባ ነው» ይላል። «እሰይ፤ ደግ አሰብክ» እንለዋለን። ቡና ይታዘዛል። ከዚያ ስለ ጉልበት ሕመም እናወራለን።

ሁሉም ሲገባ የሚሠራው ሥራ አለው። አንዱ ቢሾፍቱ ላይ ዶሮ ሊያረባ ነው፤ ባለ ዶሮው እንለዋለን። ሌላው ሀዋሳ ሐይቁ ዳር ሆቴል ሊከፍት ነው። ሦስተኛው አቮካዶ ሊተክል ነው፤ እሱ በመጀመሪያ ብርቱካን ነበር ሊተክል ያሰበው፣ በ2009 ነው ሐሳቡን የቀየረው። ባለ ዶሮው ዕቅዱን ከጀመረ 17 ዓመቱ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የፈለፈላቸውን ጫጩቶች ብትቆጥሯቸው ቢሾፍቱ አትበቃቸውም። አንድ እሑድማ በሽታ ገባበትና 2 ሺህ ዶሮ ባንድ ጊዜ አለቀበት፤ በሶፍት ላይ ሒሳቡን ሲሠራ ማለቴ ነው። ሁላችንም ከልባችን አዘንን። የዚያን ቀን ቡናውን ከፈልንለት።

መግባቱ አልቀረም፣ ብቻ አንድ ነገር እስኪያልፍ ይጠበቃል። መጀመሪያ ዜግነቱ ይውጣ ተባለ። ወጣ። ከዚያ ልጆቹ ትምህርት ይጨርሱ፣ ከዚያ የቤቱ ዕዳ ይቅለል፣ ከዚያ ምርጫው ይለፍ፣ ከዚያ ጦርነቱ ይብረድ፣ ከዚያ ዶላሩ ይርጋ። በ2010 ሐምሌ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋሽንግተን የመጡ ጊዜ ግማሹ ጠረጴዛ የሻንጣ ዋጋ ጠይቆ ነበር። በ2014 ደግሞ አንድ ሚሊዮን ሰው ለገና ሀገር ቤት ይግባ የሚል ጥሪ ሲመጣ ባለ ሆቴሉ የምር ሄደ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አምስት ኪሎ ጨምሮ ተመለሰ። «ቦታውን አይቼዋለሁ» አለን። የትኛውን ቦታ እንደሆነ አልጠየቅነውም፤ ነውር ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔም አንዱ ነበርኩ። በ1993 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር በዲቪ ስመጣ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። «አምስት ዓመት ሠርተን፣ ትንሽ ቋጥረን» ብለን ነበር የወጣነው። አምስቱ ዓመት መሬት ውስጥ፣ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ጎጆ ውስጥ አለቀ። ከዚያ ታክሲ ያዝኩ። የዋሽንግተን ታክሲ በዞን ሲያስከፍል አውቃለሁ፤ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ ሜትር ሲገባ አውቃለሁ፤ ስልክ ያለው ሁሉ ባለ ታክሲ ሲሆንም አይቻለሁ። አሥራ ስድስተኛው ጎዳና ላይ የትኛው መብራት ስንት ሰከንድ እንደሚይዝ ብትጠይቁኝ በእንቅልፍ ልቤ እነግራችኋለሁ። ያስተማርኩት ጂኦግራፊ ግን ስለ ስምጥ ሸለቆ ነበር።

መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ሰባት ነበርን። እስካሁን ከመካከላችን የምር ጠቅልሎ የገባው ሰባተኛው ነው። እሱም በካርጎ። ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ልቡ ቀጥ አለች። ገንዘብ አዋጣን፣ ወረቀቱን አስጨረስን፣ ደለስ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ለከርሞ» ሲል የኖረ ሰው፣ በአራት ቀን ሁሉ ነገር አለቀለትና ሄደ። ከሽኝቱ ስመለስ መኪና ውስጥ ሆኜ አሰብኩ፤ ለሞተው በአራት ቀን ያለቀ ጉዳይ እኛን በቁማችን ምን ያዘን? ደግሞስ ለመንገደኛ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል። ለሬሳ ምንም አይፈቀድም። እንግዲያው ሻንጣ እያለኝ ልግባ አልኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ጃኬቴን እየሰቀልኩ «ትኬት ልቆርጥ ነው» አልኳቸው።

ዝም። «እሰይ» የሚል ጠፋ። ለካ «ልገባ ነው» ሌላ፣ «ትኬት» ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ስድብ ሳይሆን አይቀርም። ስንወጣ ባለ አቮካዶው እጄን ይዞ ወደ መኪናዎቹ መሃል ወሰደኝ።

«ዶክተሩ ምን አለህ?»

«ደህና ነህ አለኝ።»

«እኔን እንኳን አትደብቀኝ። ወንድምህ አይደለሁም?»

«ኮሌስትሮል ትንሽ አለ ብሎኛል።»

«አይ አንተ...» ብሎ ዓይኑ ውሃ ሞላ። ማታ ደግሞ የአንዱ ሚስት ለባለቤቴ ደውላ፣ ጎመን እንዴት እንደሚቀቀል ስታወራ ቆይታ፣ መጨረሻ ላይ «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አለቻት። ሌላኛው ጎበዝ የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንደሚያውቅ በመልእክት ላከልኝ፤ ዜግነት ካገኘሁ 17 ዓመቴ ነው። ባለ ዶሮው ግን ሳምንት ሙሉ ስልክ አላነሳልኝም። የእሱ የተለየ ነው። እኔ ከገባሁ እሱ የማይገባበት ምክንያት ሊጠየቅ ነው።

ባለቤቴ አልተቃወመችም። ጡረታዋ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ስለሚቀረው እሷ ትቆያለች። «አንተ ቀድመህ ግባና ውሃው መምጣቱን አረጋግጥ» አለችኝ። ኖኅም መጀመሪያ የላከው ቁራውን ነበር፤ ወጥቶ ቀረ። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

የእኔ ጡረታ በወረቀት ቀላል ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ 40 ክሬዲት ማሟላት ያስፈልጋል፤ አሥር ዓመት የሠራ ያገኘዋል፣ እኔ አልፌዋለሁ። ሙሉው የሚሰጠው በ67 ዓመት ነው፤ በ62 እወስዳለሁ ያለ ሰው 30 በመቶ ይቀነስበታል። እኔ 62 ነኝ፤ ቀንሱ አልኳቸው። በዚህ በኩል ዕድለኛው ባለ ሆቴሉ ነው። ዲቪ ሲሞላ የተወለደበትን ዘመን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ስምንት ዓመት አርጅቶ አሜሪካ ገባ። ወጣትነቱን ሙሉ ሲያማርር ኖረ፤ «ለሥራ ሲያዩኝ ሽማግሌ ነው ይሉኛል» እያለ። አሁን ጡረታውን ሙሉ እየበላ ቴኒስ ይጫወታል። ሜዲኬር የሚሉት የሽማግሌዎች ሕክምና ግን ከአሜሪካ ምድር አይወጣም። ቦሌ ላይ ራስ ምታት ቢጀምረኝ የራሴ ጉዳይ ነው።

ወደ ዕቃው ልምጣ። «መጠቅለል» የሚለውን ቃል ለ24 ዓመት ስጠቀምበት ምን እንደሚጠቀለል አስቤ አላውቅም ነበር። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አርባ ስድስት ኪሎ ነው በቃ። ከዚያ በላይ ያለው ወይ በኮንቴይነር በጂቡቲ ይዞራል ወይ ይቀራል።

ቤዝመንት ወርጄ መብራቱን ሳበራ ያገኘሁት ካርቶን ነው። እኔና ባለቤቴ ከመጣን ጀምሮ የገዛነውን ዕቃ ካርቶን ጥለን አናውቅም። ቴሌቪዥን ሲገዛ «ካርቶኑን ቀስ ብለህ ክፈተው፤ ስንገባ እንጠቀልልበታለን»። ማይክሮዌቭ ሲገዛ እንደዚያው። ፎሙ ሳይቀር ተቀምጧል። የመጀመሪያው ቴሌቪዥን ከሞተ 12 ዓመቱ ነው፤ ካርቶኑ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። ልጃችን እዚሁ የተወለደች ናት፤ ደረጃው ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ «ዳዲ፣ የሰው ቤዝመንት ውስጥ ፒንግፖንግ አለ። እኛ ለምንድን ነው ካርቶን ያለን?» አለችኝ። ዘመኗን ሁሉ ዕቃቸውን ገና ካልፈቱ ሰዎች ጋር እንደኖረች ያን ቀን ነው የገባኝ። ካርቶኖቹን አጣጥፈን ለመጣል ሦስት ማክሰኞ ፈጀብን፤ የእኛ ሰፈር ካርቶን የሚነሳው ማክሰኞ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ አንዱን ደብቃ አስቀረች። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ከዚያ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ መጣ። እዚህ 120 ቮልት ነው፣ ሀገር ቤት 220። ባለቤቴ የጁስ መፍጫውን፣ የቡና መፍጫውንና ምጣዷን አንድ ላይ አስቀምጣ «እነዚህ ይሄዳሉ» አለች።

«ይቃጠላሉ» አልኳት።

«ትራንስፎርመር ይገዛላቸዋል።»

ትራንስፎርመሩን ሄጄ አየሁት። ለምጣድ የሚበቃው ከምጣዱ ይከብዳል። ምጣዷ ደግሞ ታሪክ ያላት ናት። እዚህ ሀገር ብዙ ሀበሻ የሚጋግረው የኖርዌይ ዘሮች ሌፍሴ ለሚሉት የድንች ቂጣቸው በሠሩት ክብ ምጣድ ነው። ጤፉ ደግሞ ከአይዳሆ ነው፤ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆቹ በሰባዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ተመልሶ እዚያ ማብቀል የጀመረው። የአይዳሆ ጤፍ በኖርዌይ ምጣድ ተጋግሮ ሜሪላንድ ላይ ለ20 ዓመት በልተናል፤ እውነቱን ለመናገር ዓይኑ ጥሩ ነው። አሁን ግን ምጣድ ጭኖ ወደ ምጣድ ሀገር መሄድ ለጉምሩኩ ሠራተኛ ምን ተብሎ ይነገራል? «የእናቴ ቤት ምጣድ የለም ወይ?» ብላት «ያ ያንተ እናት ምጣድ ነው» አለች። ጉዳዩ ተዘጋ። ምጣዷ በአሁኑ ሰዓት በሻንጣው ጎን ቆማለች፤ አልገባችም፣ አልወጣችም።

መኪናዬንም አስቤ ነበር። የታክሲነት ዘመኗን ጨርሳ እንደ እኔ ጡረታ የወጣች ካምሪ ናት። ሀገር ቤት ግን ከ2016 ጀምሮ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና አይገባም ተብሏል። እኔን በቤንዚን የሠራሁ ሰው ያስገቡኛል፣ እሷን አያስገቧትም።

አንድ ሰው ትኬት ሊቆርጥ ነው የሚለው ወሬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። በሦስተኛው ቀን የአደራ ዕቃ መምጣት ጀመረ። የአደራ ሕጉ የታወቀ ነው። ዕቃው ምንጊዜም «ትንሽ ነገር» ነው፤ የሚያቀብለው ሰው ሁልጊዜ «ቦሌ ላይ ይጠብቅሃል»፤ ኪሎውን መጠየቅ የሰውዬውን እናት ዕድሜ እንደ መጠየቅ ነው። ስልክ መጣ፣ ሽቶ መጣ፣ የሙሽራ ጫማ መጣ፣ የግፊት መድኃኒት መጣ። ቫይታሚንማ! አዲስ አበባ ያለው ሰው በሙሉ ኦሜጋ 3 እየዋጠ እንደሚኖር በእነዚህ ወራት አረጋግጫለሁ። ድሮ ከዚያ ሰው ሲመጣ በርበሬና ድርቆሽ ይዞልን ይመጣል፤ ከዚህ ሲሄድ የዓሣ ዘይት ይዞላቸው ይሄዳል። በዚህ ንግድ የተጎዱት እነሱ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት በፌስታል የቋጠሩትን አመጡልኝ።

«ልጄ፣ ትንሽ ነገር ናት። ለእህቴ ልጅ ናት።»

«ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ቫይታሚን ናት፤ የእግር ቅባት ናት፤ አንዲት ጫማ ናት።»

ቋጠሮውን ዳበስ ዳበስ አደረግሁት። «አንድ እግር ብቻ ነው እኮ ያለው፣ እማማ።»

«አንዱን እግር በፋሲካ በሌላ ሰው ልኬዋለሁ። ከበደኝ ሲል ጊዜ፣ ሰው አላስጨንቅ ብዬ ለሁለት ከፈልኩት።»

ለአምስት ወር አንድ እግር ጫማ ይዞ የጠበቀን ሰው አስቡት። እንዴት እምቢ እላለሁ? ያቺ ጫማ ሻንጣው ውስጥ ከሁሉም በላይ የተቀመጠች ናት። ሚዛን ላይ ሳወጣው የሰው አደራ 31 ኪሎ ሆነ። ለእኔ የቀረኝ 15 ኪሎ ነው። ሃያ አራት ዓመት፣ 15 ኪሎ። ባለቤቴ «ከእጅ ሻንጣው ጋር 22 ይሆናል» ብላ አጽናናችኝ።

ለመሆኑ የምሄደው ማን ሆኜ ነው? ፓስፖርቴ የአሜሪካ ነው፤ ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። ስለዚህ ቢጫ ካርድ የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይዤ ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994ን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ያለ ቪዛ እገባለሁ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ እኖራለሁ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እሠራለሁ፤ ቤትም በስሜ ይኖረኛል። መምረጥና መመረጥ አልችልም። በመከላከያና በደኅንነት መሥሪያ ቤትም በቋሚነት መቀጠር አልችልም ይላል። በ62 ዓመቴ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ወታደር የመሆን ሐሳብ አልነበረኝም። ግን መከልከሉ ቅር አሰኘኝ።

የምገባው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከወላጆቻችን ግቢ፣ እትዬ ካሠራችው ሰርቪስ ቤት ነው። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዋወላለን። ማታ ማታ በስልኬ ካርታ ላይ አዲስ አበባን በጣቴ እያሸሁ ስለማድር ጥያቄ አጠራቅሜ እጠብቃታለሁ።

«እትዬ፣ ፒያሳ ያቺ ጫማ የምናሠራባት ጥግ አለች?»

«ፈርሳለች።»

«ከሷ ወረድ ብሎ ያለው ምግብ ቤትስ?»

«እሱም ፈርሷል።»

«ዶሮ ማነቂያስ?»

«ኧረ አንተ ልጅ የት ነው ያለኸው? ከፈረሰ ቆየ እኮ።»

«እና አሁን ምን አለ?»

«መንገድ አለ። መብራት አለ። አበባ አለ። የዓድዋ መታሰቢያ አለ። ደስ ይላል፤ መጥተህ ታየዋለህ።»

እንግዲህ የእኛ ከተማ አድራሻ «ከእንትን ፊት ለፊት፣ ወረድ ብሎ» ነበር። እንትን ከፈረሰ ፊት ለፊቱ የት ይቆማል? ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ከዚህ በኋላ በትውልድ ከተማዬ ውስጥ ለባለ ታክሲው «አንተ እንደምታውቀው ንዳኝ» የምል ሰው ልሆን ነው። ለስንት ዓመት ከደለስ የማነሳውን መንገደኛ እንዲህ ሲለኝ «ምስኪን፣ እንግዳ ነው» እል ነበር፤ አንዳንዴም ዞር አድርጌ ወስጄው ይሆናል። ዶሮ ማነቂያ መፍረሱን ለባለ ዶሮው ስነግረው ግን ፊቱ በራ። ኩርፊያው ያለቀው በዚህ ነው። «ለዶሮ ጥሩ ምልክት ነው» አለ።

ስለ ገንዘቡም እትዬ በትዕግሥት ታስረዳኛለች። እኔ ስወጣ ዶላር ስምንት ብር ከምናምን ነበር። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ያየሁትን ሁሉ በስምንት ሳበዛ ከረምኩ። ቡና አንድ ዶላር ከሃምሳ? አሥራ ሁለት ብር! በ12 ብር ቤተሰብ ምሳ ይበላል። አልጠጣም። አንድ ዓመት ቡና ሳልጠጣ ኖርኩ፤ የቡና ሀገር ልጅ። አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ራሴን ሲያመኝ ጊዜ ማባዛቱን ተውኩት፤ ያን ዕለት ይመስለኛል አሜሪካ የገባሁት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያው እንዲመራ ሲለቀቅ፣ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100ን አለፈ። አሁን እትዬ የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ ስትነግረኝ እኔ በልቤ አካፍልና «ርካሽ ነው» እላታለሁ። ዝም ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ ዝምታዋ ረዘመ። «አንተ፣ እዚህ ስትመጣ ገበያ እንዳትወጣ። እኔ እወጣልሃለሁ» አለችኝ። ማካፈሉን የምተው ቀን እሷ ቤት እገባለሁ ማለት ነው።

ሮቶም አስገዝታኛለች፤ የውሃ ማጠራቀሚያውን። ውሃው በሳምንት የተወሰነ ቀን ነው የሚመጣው። «ባለቤቴ ውሃው መምጣቱን አረጋግጥ ብላኛለች» ስላት «ሲመጣ እንደውልላታለን በላት» አለች።

ሰው ሊሄድ ሲል ምን እንደሚነካው አላውቅም። በዚህ ሰሞን ባለፍኩበት ሁሉ ዓይኔ መቅበዝበዝ ጀምሯል። ለ24 ዓመት የረገምኩትን የቤልትዌይ መጨናነቅ ቁጭ ብዬ በእርጋታ አየዋለሁ። ጎረቤታችን የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው፤ እሱ በሰባራ እንግሊዝኛ እኔ በሰባራ እንግሊዝኛ ለ14 ዓመት ስለ አየሩ አውርተናል፤ ሚስቱ ፑፑሳ ስትጋግር ሁለት ትልክልናለች፣ ባለቤቴ ድፎ ትልካለች። እንደምሄድ ስነግረው እሱም ለከርሞ ሊገባ እንደሆነ ነገረኝ። «ምን ልትሠራ?» አልኩት። «ዶሮ» አለኝ።

የቼሪውም ነገር አለ። በ1912 እንደ ፈረንጆቹ ቶኪዮ ለዋሽንግተን 3,020 የቼሪ ዛፍ ሰጥታለች። ይህን የማውቀው በየዓመቱ መጋቢት ላይ ቱሪስት ጭኜ ታይዳል ቤዚን እያወረድኩ እየነገርኳቸው ነው። እነሱ ይወርዳሉ፤ እኔ ሜትሬን ዘግቼ ወደ ኋላ ዞሬ ሌላ አመጣለሁ። ለእኔ የቼሪ አበባ ማለት ጥሩ ገበያና መጥፎ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ዘንድሮ ባለቤቴን ይዤ በባቡር ሄድኩ። ከዛፉ ሥር ቆምን። ነፋስ ነበር፤ አበባው ራሷ ላይ ይረግፋል። አንዲት ልጅ ስልኳን እየሰጠችኝ ፎቶ እንዳነሳት ለመነችኝና አነሳኋት። «ከየት ነው የመጣችሁት? ለጉብኝት ነው?» አለች። ባለቤቴ «አዎ» አለቻት። ለምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ትኬት ቆራጯ የሀገራችን ልጅ ናት፤ ስካይላይን አካባቢ ካሉት ሱቆች አንዱ ውስጥ፣ በእንጀራና በሐዋላ መሃል የተቀመጠች። ለእንቁጣጣሽ እዚያ መሆን እፈልጋለሁ አልኳት። ጳጉሜን ላይ አገኘችልኝ። ከደለስ ቀጥታ ነው፤ 13 ሰዓት ገደማ። ስንመለስ ግን መሃል ላይ ለነዳጅ ይወርዳል፤ ቀድሞ ደብሊን ሲያርፍ አውቃለሁ። ምክንያቱን ለልጅቷ አስረዳኋት፤ የመምህርነት ነገር አይለቅም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ አየሩ ስስ ነው፤ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ ሰውም ጭኖ መነሳት ለአውሮፕላኑ ይከብደዋል። ከዚህ ሲነሳ ግን ደለስ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁሉንም ተሸክሞ ይነሳል። ልጅቷ በትሕትና አዳመጠችኝና ኮምፒውተሯን እየነካካች «እሺ ጋሼ፣ መመለሻው መቼ ይሁን?» አለች።

«መመለሴ እኮ ነው።»

«አዎ፤ መመለሻው?»

«ይሄው ነው መመለሻው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጠቅልለው ነው?»

«ጠቅልዬ ነው።»

ድምፄ እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ከኋላዬ እንጀራ የያዙት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ። ልጅቷ ስክሪኑን ወደ እኔ መለስ አደረገችው። መሄጃ ብቻውና ደርሶ መልሱ በዋጋ አይራራቁም፤ እንዲያውም ደርሶ መልሱ በጥቂት ዶላር ይረክሳል። «ብዙ ሰው ደርሶ መልስ ይቆርጥና መመለሻውን ይተወዋል፣ ጋሼ። ቀኑን ዝም ብለው የፈለጉትን ይበሉኝ።»

እንግዲህ 24 ዓመት በሳንቲም የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ርካሹ እያለ ውዱን መግዛት ከአስተዳደጌ ጋር አይሄድም። እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝን «መጋቢት ማለቂያ» አልኳት። ጻፈች። ለባለቤቴ ስነግራት ሻሽ እያጠፈች ነበር። «መጋቢት ማለቂያ» ብላ ደገመችው። «ረክሶ ነው» አልኳት። «ገባኝ» አለች።

በበነጋው እሑድ ነበር። ጃኬቴን ሰቀልኩ። አምስቱም ዝም ብለው ያዩኛል። «ቆረጥክ?» አለ ባለ አቮካዶው፣ ሬሳ እንዳየ ሰው።

«ቆረጥኩ። ደርሶ መልስ ነው፤ ስለሚረክስ።»

እንደዚያ ዓይነት ትንፋሽ ከአምስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «እሰይ! ደግ አሰብክ!» አሉ። አንዱ ትከሻዬን መታኝ። ባለ ሆቴሉ ወንበሬን እያሳየ «ማንም አይቀመጥባትም፤ እኔ አለሁ» አለኝ። ቡና ታዘዘ። ባለ ዶሮው ሶፍት ሳብ አደረገ፣ እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣና «አሁን እንዳልኳችሁ ነው፤ በ500 ጫጩት ብንጀምር...» አለ።